መርከቧ ላይ የቀረው ሰው

ውድ ወንድም ጋሼ ክሪሳንቶ፣

ስልክ ላይ ነገሩን ሁሉ በቀልድ ስለምታልፈው በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው። ደብዳቤውን ምግብ የሚያመጣልህ ጀልባ መርከቧ ድረስ ያደርስልሃል።

የወረድንበት ቀን እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። የመርከቧ ባለቤት ጥሎን ከጠፋ፣ ፍርድ ቤትም በዕዳው መርከቧን ካገዳት ወዲህ የዝናብ ውሃ በሸራ እያጠራቀምን፣ ዓሣ እያጠመድን መኖሩን ለምደነው ነበር። ካፒቴኑ ታሞ ስለሄደ በማዕረግ ትልቃችን አንተ ነበርክ። የፍርድ ቤቱ ሰው መጥቶ «እዚህ ኃላፊው ማነው?» ሲል ሸሚዝህን እያጠብክ ነበር። «እኔ ነኝ» ብለህ በአረፋማ እጅህ ፈረምክለት። ሲሄድ «ከዛሬ ጀምሮ ካፒቴን በሉኝ፤ ሩዙም መጀመሪያ ለእኔ ይቅረብ» ብለህ አሳቅከን።

በኋላ ወደ አገራችን ልትሸኘን ጀልባ መጣች። በየተራ በገመድ መሰላሉ ስንወርድ ያው የፍርድ ቤቱ ሰው ደረትህ ላይ እጁን አሳረፈ።

«አንተ ትቀራለህ።»

«ለምን?»

«የመርከቧ ጠባቂ ነህ፣ ፈርመሃል። እስክትሸጥ ጥለሃት አትሄድም።»

«መቼ ነው የምትሸጠው?»

ትከሻውን ሰበቀ።

እኔ መሰላሉ መሀል ተንጠልጥዬ ቀረሁ፤ መውረድም መውጣትም አቃተኝ። አንተ ግን ሻንጣዬን ወደ ጀልባዋ ወርውረህ «ምን ታፈጣለህ ኢሳጋኒ? ቴሬሲታ ልትወልድ አይደል? ባዶ እጁን አራስ የጠየቀ አጎት እንዳልባል በስሜ ዶሮ እረድላት» አልከኝ። ጀልባዋ ስትርቅ ቀና ብዬ አየሁ። በዚያ ሁሉ ብረት ላይ አንድ ሰው ብቻ ቆሟል።

ዶሮውን አርጃለሁ። የተወለደችልን ሴት ልጅ ናት።

ባለፈው እሑድ ሚስትህ ሚላግሮስ እኛ ወዳለንባት ደሴት፣ ጊማራስ ድረስ መጣች። በቪዲዮ ደወለችልህና ስልኩን አቀበለችኝ። «ፊቱን ተወው፤ ከኋላው ያለውን እይ» አለችኝ በሹክሹክታ። ጠረጴዛው ላይ የሁላችንም ሳህን ተደርድሮ በየሳህኑ ሩዝ ነበረ። ስለ ልጄ እየጠየቅከኝ ሳለህ ፊትህን ወደ ባዶው ወንበር አዞርክና «ኢሳጋኒ፣ እስቲ ጨው አቀብለኝ» አልክ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅህን ጠበቅሁ። አልሳቅክም። እጅህን ወደ ወንበሩ ዘርግተህ ቆየህ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት ሚላግሮስን።

«ሰንብቷል። አበደ እንዳይሉብኝ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።»

በማግስቱ የመርከበኞች ማኅበሩ ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። «የመርከብ መኮንንነት ፈቃድ ያለው ሰው በፈቃደኝነት ከተካው ፍርድ ቤቱ ሊለቀው ይችላል። ግን ማን እሺ ይላል?» አለችኝ።

«እኔ፤ የሁለተኛ መኮንንነት ፈቃድ አለኝ» አልኳት።

ቴሬሲታ ልጃችንን እያጠባች ሰማችኝ። «አንተንስ ማን ይተካሃል?» አለች። ስልኬን ነጥቃኝ ለሦስተኛው መኮንን፣ ለባልታዛር ደወለች።

«ባሌ ሊሄድ ነው። ዝናቡ ሲያልፍ ትቀይረዋለህ ወይስ አትቀይረውም?»

«እቀይረዋለሁ እትዬ» አለ ባልታዛር።

«በልጆችህ ማልልኝ።»

ማለላት። ከዚያ ስልኩን መለሰችልኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች።

ፍርድ ቤቱ ትናንት ፈቀደ። ሐሙስ እነሳለሁ። «የአራስ ባል ነህ፣ ተመለስ» እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ በከንቱ አትድከም። እዚህ ስትደርስ ሚላግሮስ ሐኪም ዘንድ ትወስድሃለች። እሺ በላት፤ አትከራከራት።

ቴሬሲታ ከጓሯችን የደረቀ ማንጎ ጠቅልላልሃለች። ጀልባዋን ትንሽ እንድትቆይልን እለምናለሁ፤ ተቀምጠን አብረን እንበላለን። ከዚያ አንተ ትሄዳለህ፣ እኔ እቆያለሁ።

ወደ አንተ እየመጣ ያለው ወንድምህ፣
ኢሳጋኒ