ሕሙማንን ለጨረር ሕክምና ያመላልሱ የነበሩት የአቶ ቢያዝን ልዑልቃል የሕይወት ታሪክ

አቶ ቢያዝን ከአባታቸው ከቄስ ልዑልቃል ዋኘውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩወርቅ ህሩይ በ1956 ዓ.ም. በማክሰኝት አካባቢ ተወለዱ። ፊደል በአባታቸው ደብር ቆጥረው እስከ ስምንተኛ ክፍል ማክሰኝት ተማሩ። አባታቸው ድቁና እንዲቀበሉ ቢመኙም የእሳቸው ልብ በመንገዱ በሚያልፈው መኪና ላይ ነበርና በ1974 ዓ.ም. ጎንደር ገብተው የጭነት መኪና ረዳት ሆኑ። መንጃ ፈቃድ ካወጡ በኋላም ከሠላሳ ዓመት በላይ ከጎንደር አዲስ አበባ አውቶቡስ አሽከርክረዋል። በ1983 ዓ.ም. ከወይዘሮ የዓለምወርቅ ኪዳነ ማርያም ጋር በተክሊል ተጋብተው ሕሊናን፣ እንዳልካቸውንና መቅደላዊትን ወልደዋል።

በ2009 ዓ.ም. ለጨረር ሕክምና ወደ አዲስ አበባ የተላኩ ወይዘሮ ራቢዓ የሚባሉ የጡት ካንሰር ሕመምተኛ በአውቶቡሳቸው ተሳፈሩ። መኪናው ጉድጓድ በመታ ቁጥር ያቃስቱ ነበር። አቶ ቢያዝን ፍጥነት ሲቀንሱ ተሳፋሪው “ሊመሽብን እኮ ነው” ብሎ አጉረመረመ።

“ቢመሽብን እናድራለን፤ እኒህ እናት ግን ከዚህ በላይ አይችሉም” አሉ።

ከዚያ ወዲህ የፊቱን ወንበር ለካንሰር ሕሙማን ያስቀምጡ ጀመር። ከሳንጃ፣ ከደባርቅ፣ ከጭልጋ የሚመጡት የሚያድሩት ጎንደር አጠገብ ፀዳ ከሚገኘው ከአቶ ቢያዝን ቤት ነበር። ተቀምጠው ሄደው ተኝተው የተመለሱ ብዙ ናቸው፤ ጭራሽ ያልተመለሱም አሉ። ወይዘሮ ራቢዓም በዓመቱ አረፉ። አቶ ቢያዝን በየአገሩ ልቅሶ ሲደርሱ “ምነው ቀደም ብላችሁ ብትመጡ” የሚለው ቃል ከአፋቸው አይጠፋም ነበር።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ እሳቸውንም እህል አልወርድ አላቸው። በአቧራው እያመካኙ፣ እንጀራውን በውኃ እያራሱ ወራት ገፉ። ወይዘሮ የዓለምወርቅ “ሌላውን ታከም እያልህ፣ ለራስህ ሲሆን ምነው?” ብለው ቢጠይቋቸው፣

“ፈርቼ ነው፣ የዓለሜ። መጨረሻውን ስንቱ ላይ አይቼዋለሁ” አሏቸው።

ሲመረመሩ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ለጨረር ሲቀጠሩ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተመላለሱበት መንገድ በጸጥታው ችግር ተዘጋ። ቀጠሮው አልፎ ልጃቸው ሕሊና በአውሮፕላን ብትወስዳቸውም፣ ሐኪሞቹ ሕመሙ መሠራጨቱን ነግረው በማስታገሻ መለሷቸው። የወይዘሮ ራቢዓ ልጅ ዐብዱልከሪም እየመጣ ሲያገላብጣቸውና ሲያጥባቸው ከርሟል። “እናቴን ሳያንገላቱ ያደረሱልኝ አባቴ ናቸው” ይል ነበር።

ከማረፋቸው ጥቂት ቀናት በፊት ሕሊናን ጠርተው “ስቀበር ‘ባደረበት ሕመም’ ብላችሁ እንዳታልፉት። ፈርቶ ዘገየ በሉ። የሰማ ሰው አይዘገይ ይሆናል” አሏት። አደራቸው ነውና ይኸው በፊታችሁ ተነገረ።

አቶ ቢያዝን ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በ61 ዓመታቸው አረፉ። መድኃኔዓለም የደከመች ነፍሳቸውን በዕረፍት ቦታ ይቀበልልን። ለባለቤታቸው፣ ለሦስቱ ልጆቻቸውና ለአራቱ የልጅ ልጆቻቸው መጽናናቱን፣ ዛሬም ሕመሙን ደብቆ ለተቀመጠው ወገን ድፍረቱን ይስጥልን። አሜን።