የለምለም ዘቢብ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ጎረቤቴ ለምለም ነገ የልጇን የወደፊት አማቾች ምሳ ትጋብዛለች። በምጽፍበት መጽሔት የምግብ ዓምድ ላይ ያወጣሁትን የዘቢብ ኬክ ልትጋግር ተነሥታ፣ ሚዛን ስለሌላት በአጥሩ በኩል ጠራችኝ።

«አንቺ፣ ሁለት መቶ ግራም ዘቢብ ስንት ብርጭቆ ነው?»

«አንድ ከምናምን» አልኳት፣ አፌን ሞልቼ።

ወዲያው ሐሳብ ገባኝ። ሱቅ ወርጄ ባለሱቁን ሐጂን አንድ ብርጭቆ ዘቢብ አስመዘንኳቸው። ዝም ብሎ ሲሞላ ሌላ፣ ጠቅጠቅ ሲደረግ ሌላ!

«ልጄ፣ ብርጭቆ ነው ወይስ የበርበሬ ጆንያ የምትጠቀጥቂው?» ብለው ሳቁብኝ።

ሮጬ ስመለስ ለምለም ኬኩን ኦቨን ውስጥ ከታዋለች። «ዘቢቡን በትልቁ የውሃ ብርጭቆ፣ ጥቅጥቅ አድርጌ ለካሁት!» አለችኝ በኩራት።

ዘቢቡ ከልክ በላይ በዝቶ ሁሉም ታች ቢዘቅጥስ? አማቾቿ «ማን አስተማረሽ?» ቢሏትስ? ለምለም እንደሆነች ስሜን ለመጥራት አታፍርም። ሽታው አጥሩን ተሻግሮ እየመጣ ነው። ደስ ይላል... ወይስ እያረረ ነው?