የማሩ ሰዓት

ይድረስ ለማከብርዎ አማቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ዳገቱን እሺ ይላል? እኔ ከጭንቀቱ በቀር ደህና ነኝ። የልጅ ልጅዎ ባምላኩ አለ፤ ደብዳቤው እስኪያልቅ እንዳይሳቀቁ ይህን አስቀድሜ ልንገርዎት። መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ለጉዳያቸው ባሕር ዳር መጥተው ልጁን ጠየቁልን። ስልኩ ከተዘጋ ሰንብቷልና ይህን ይዘው መጥተው ያነቡልዎታል። ድምፃቸውን ያውቁታል፣ ማንኩሳን ሁሉ ይጠራል፤ እቤት ገብተው በሩን መለስ አድርገው ያስነብቡ።

ያን ዕለት ተኳርፈን ነው የተለያየነው። ከፍኖተ ሰላም ስመለስ ልጁ ለሃጩ ደረቱን አርሶት፣ ውሃ እንኳ አልወርድ ብሎት አገኘሁት። እርስዎ እንጥሉ ወርዷል፣ ቆራጩ ነገ ጠዋት ይመጣል አሉ። እኔ ደግሞ ልጁን አፈፍ አድርጌ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። አማቴን ማመናጨቄ ያሳፍረኛል፤ ልጁን ይዤ መሄዴ ግን አያሳፍረኝም።

ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ራጅ ሲነሳ ጉሮሮው ላይ ስሙኒ የምታክል ክብ ነገር ታየች። ሳንቲም መስሎኝ እፎይ አልሁ፤ ሳንቲምማ ስንቱ ልጅ ውጦ ወጥቶለታል። ባለሙያው ግን ጠርዟን አሳየኝ። ክቡ ድርብ ነው፣ ይህ ባትሪ ነው አለ። ለካ ያቺ ክዳኗ ከተሰበረ ወዲህ በፕላስተር ለጥፈን የተውናት የሬዲዮኑ ሪሞት ባትሪ ናት። ባትሪዋ ምራቅ ሲነካት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋ ታቃጥላለች፣ ኃይሏ ያለቀ ብትመስልም። እንዳታስመልሺው፣ በምግብም ልታወርጂው እንዳትሞክሪ ብሎ በአምቡላንስ ወደ ባሕር ዳር ላከን።

ቡሬ ስንደርስ መንገድ ተዘግቷል ተባለ። ልጁ አያለቅስም፣ ዓይን ዓይኔን ብቻ ያያል። ውስጡ እየነደደ ነው፣ ከላይ ግን አንዲት ጭረት የለችበትም። ሾፌሩ ወርዶ ኬላ ጠባቂዎቹን ለመነ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ወርዶ ለመነ። ከለቀቁንም በኋላ መራዊን እስክናልፍ ትንፋሹን በእጄ እየዳሰስሁ ሄድሁ።

ሐኪሟ አስተኝታው ባትሪዋን በአፉ በገባ ቱቦ አወጣችለት። ከዚያ ሸሚዙን አይታ ማር ነው ወይ አለችኝ። አንገትጌው በማር ደርቆ ነበር።

«ማር ከዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ወዲያው ከተሰጠው ባትሪዋን ሸፍኖ ቃጠሎውን ያዘገያል» አለች። «ሐኪም ቤት መምጣትን ግን አይተካም። ማን ነው የሰጠው?»

ሸሚዙን አጣጥፌ ጉያዬ ውስጥ አስገባሁት። ያ ማር ለሚካኤል ዝክር የሚቀመጥ ነው፤ ለነፍስ አባትዎ እንኳ በጣት ነው የሚያስልሱት። ዝክር ባልደረሰበት በተራ ማክሰኞ ማሰሮው ለምን እንደተከፈተ ሳስብ ዋልሁ። እንጥሉ ወርዷል ሲሉኝም ፊትዎን ወደ ምሰሶው አዙረው እንደነበር ትዝ አለኝ።

ባምላኩ ገና በአፉ አይበላም፤ በአፍንጫው በገባ ቀጭን ቱቦ ነው የሚመገበው። ሐኪሟ የምትፈራው ቁስሉ እየዘለቀ ሄዶ ትልቁን የደም ሥር እንዳይነካው ነው። መድማቱ ባትሪዋ ከወጣች ሰንብቶም ሊመጣ ይችላል አለች። ጉሮሮው ውስጥ ምን ያህል እንደቆየች በየቀኑ ትጠይቀኛለች፤ ጉዳቱን የምትገምተው፣ እዚህ የምንቆይበትንም የምትወስነው በዚያ ነው። አላውቅም እላታለሁ። የዋጣት ጠዋት ይሁን እኔ ልደርስ ስል፣ እውነትም አላውቅም።

የከፋኝ ነገር አለ፤ እሱ ስንገናኝ በአፍ የሚባል ነው። እንደምወድዎት ግን በደብዳቤም ይባላል።

መቼም በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም። እማማ፣ ማሩን መጀመሪያ ያቀመሱት ፀሐይዋ የት ላይ ሳለች ነው? ይህችን ብቻ ለመሪጌታ ይንገሯቸው፤ እሳቸው ጽፈው ወደዚህ በሚመጣ መኪና ይልኩልኛል። ለልጅ ማር በተሰጠበት ሰዓት የሚታፈር የለም። ሌላውን አልጠየቅሁም። ልጅዎ ይታገሱም ከሥራው ሲመለስ ከእኔ አፍ ከማሩ በቀር የሚሰማው የለም።

ቅዱስ ሚካኤል በጤና ያቆይዎት። ባምላኩ ከእጅዎ ጎርሶ የሚውጥበትን ቀን ለሁላችንም ያሳየን።

ምራትዎ፣ የባምላኩ እናት