በቀርከሃው ውስጥ ያስገባሁት ሽቦ

ውድ ሞኤላንጊ፣

ይህን ደብዳቤ መጻፍ የነበረብኝ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ገና ኦክላንድ አክስትሽ ዘንድ ሳትሄጂ ነበር። ድፍረቱ አልነበረኝም።

ክፍላችሁን ይዤ ባሕሩ ዳር ያለው የማንግሮቭ ደን ውስጥ የገባን ዕለት ጭቃው እስከ ጉልበታችን ሲውጠን ትዝ ይልሻል? «ሥሮቹን እዩ፤ ማዕበሉን ፊት ለፊት አይገጥሙትም፣ እያሳለፉ ያደክሙታል» አልኳችሁ። እናንተም ያንን አይታችሁ መንደራችንን ከባሕር የሚከልል መከላከያ ትንሽ ሞዴል ሠራችሁ፤ ቀጫጭን ቀርከሃ በኮኮናት ገመድ እያሰራችሁ። አስተሳሰሩ ያንቺ ሐሳብ ነበር።

ለአፒያው የትምህርት ቤቶች የፈጠራ ውድድር ሁለት ቀን ሲቀረን ባሕር ዳር ሞከርነውና ተሰበረ። እናንተ ሳቃችሁ። «ቲቸር፣ የተሰበረበትን በሥዕል እናሳያቸው፤ የት ጋ እንደሚደክም አወቅን እኮ» አልሽኝ። ትክክል ነበርሽ። ለእኔ የታየኝ ግን የሌሎቹ መምህራን ፌዝ ነው። እናንተ እንደገና አሰራችሁት። ወደ አፒያ በሚያሻግረን መርከብ ላይ እናንተ የተቀቀለ የታሮ ሥር ስትበሉ እኔ ታች በተጫነው መኪናችን ውስጥ ተቀምጬ በየቀርከሃው የብረት ሽቦ አስገባሁ። ደንቡ ከተማሪ እጅ በቀር ማንም እንዳይነካው ይላል፤ ለእናንተ ያነበብኩላችሁም እኔ ነኝ።

አፒያ ላይ ውሃው ሲለቀቅበት ንቅንቅ አላለም። አዳራሹ አጨበጨበ። አንቺ ግን ጎንበስ ብለሽ ዳሰስሽውና ለዳኛዋ፣ «ይሄ ሽቦ የኛ አይደለም» አልሻት።

ዳኛዋ ወደኔ ዞረች። «መምህር?»

«ልጆቹ ያስገቡት ነው» አልኩ። «እሷ ያን ቀን አልነበረችም።»

ቀና ብለሽ አየሽኝ። ዋንጫውን ሰጡን።

ስንመለስ የክፍልሽ ልጅ ላፋኤሌ፣ «ዳኛዋ መጣች፣ ቦታ ልቀቁላት» ሲልሽ ጆሮዬ ሰምቷል፤ እንዳልሰማ ሆንኩ። እሑድ አባትሽ አውኩሶ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እጅሽን ይዞ መጣ። «መምህሯን በሰው ፊት ያዋረደች ልጅ ቤቴ አትገባም። ይቅርታ ጠይቂ» አለሽ። ጠየቅሽኝ። እኔም፣ «ይቅር ብዬሻለሁ፣ ልጄ» አልኩሽ። ከዋሸሁት ሁሉ የከፋው ይሄ ቃል ነው።

ባለፈው ሰኞ ለትምህርት ቤቱ ሁሉ ተናገርኩ፤ ዋንጫውንም መለስኩ። ማክሰኞ ማለዳ፣ እንደ አገራችን የበደለኛ ደንብ፣ የእናቴን ምርጥ ምንጣፍ ተከናንቤ በአባትሽ ደጅ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ምንጣፉን ገልጦ ይቅር ካላለኝ እዚያው ልውል ቆርጬ ነበር። ፀሐይ አናቴ ላይ ስትደርስ ኮቴውን ሰማሁ። ምንጣፉን ገለጠልኝ፤ ከዚያ ግባ ሳይለኝ አጠገቤ መሬቱ ላይ ቁጭ አለ።

«ሽቦው ያንተ ነው» አለኝ በመጨረሻ። «ልጄን አንገቷን ያስደፋኋት ግን እኔ ነኝ። እኔስ በማን ደጅ ልቀመጥ?»

አድራሻሽን የሰጠኝ እሱ ነው። «የኔንም አብረህ ጻፍላት፤ ለሷ ብዬ ብዕር ሳነሳ እጄ እምቢ ይለኛል» አለኝ። ይኸው ጻፍኩት።

ይቅር በይን አልልሽም፤ ያን ቃል አንዴ ያለ አግባብ ከአፍሽ ወስጄዋለሁ። እውነቱን የተናገርሽው አንቺ እንደነበርሽ ግን አሁን መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

መምህርሽ የነበረው፣
ፔሳሚኖ