ያልላጨሁልህ ጢም

አስሜ፣ የኔ ጌታ፤

ከተለየኸኝ ሁለት ክረምትና አንድ በጋ አለፈ። እስከዛሬ ያልጻፍሁልህ ረስቼህ አይደለም፤ የምጽፈው ነገር አንድ ብቻ ስለሆነና እሱን ስለምፈራው ነው። ዛሬ ግን የልጃችን ጢም አስጀመረኝ። አትሳቅ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የጓዳውን ቆርቆሮ ነፋስ ገንጥሎት ነበር፤ አስጠግኜዋለሁ። አንተ ታስተምርበት የነበረውን ክፍል ከደጋ የመጣ ወጣት መምህር ይዞታል። የመተማ ሙቀት አልቻለውም መሰለኝ፣ መሐረቡን በውሃ ነክሮ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ነው የሚያስተምረው። እኔ ያው እዚያው ክሊኒክ ነኝ፣ ወባ የያዘውን ሰው ሳገላብጥ እውላለሁ። ጓሮ የተከልኸው እሬት ተራብቶ ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ይቆርጣል። መላጫህ ግን አንተ መስኮቱ ላይ ካስቀመጥህበት አልተነቃነቀም ነበር።

ያን ቆዳህን እንዴት እረሳዋለሁ! ገና ምላጭ ሲያይ የሚቆጣ ቆዳ ነበር። ጢምህ ደግሞ ጥቅልል ያለ ስለሆነ፣ በተላጨህ ማግስት ተመልሶ ቆዳህ ውስጥ ይገባና አንገትህን በብጉር ይሞላዋል። ብታሳድገው በተገላገልህ፤ ግን በዚህ ጠረፍ ጢሙን ያሳደገ ሰው ሁሉ ለኬላ ወታደሮች ከጫካ የመጣ ሽፍታ ይመስላቸዋል። ዲሬክተሩም መምህር ሳይላጭ ሰንደቅ ዓላማ ፊት አይቆምም ብሎ ነበር። ስለዚህ በየጠዋቱ እየቸኮልህ፣ በደነዘ ምላጭ፣ ሽቅብ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ትፍቀዋለህ። እኔ ደግሞ ጤና ረዳት ነኝ ባይ፣ ጥጥ አልኮል ውስጥ ነክሬ አንገትህን እጠርግልሃለሁ። ጀርም ይገድላል ብዬ! አንተ ዓይንህ እንባ ሞልቶ ትዘላለህ፣ እኔ ወንድ አይደለህም ወይ እያልሁ እስቃለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ በእውቀቴ አቃጠልሁህ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ያዳነን ከድንበሩ ማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት በእግሩ እየተሻገረ ገበያ ላይ ሰው የሚላጨው ሽማግሌ፣ ሐጂ ኢድሪስ ነው። አንገትህን አይቶ ከንፈሩን መጠጠና ማን እንዲህ አደረገህ ሲልህ፣ አንተ ዞር ብለህ እኔን አየኸኝ። ተናድጄብህ ነበር፤ ቢሆንም ቆሜ ተማርሁ። ለብ ባለ ውሃ የራሰ ጨርቅ ፊትህ ላይ አድርጎ ጢሙ እስኪለሰልስ ጠበቀ። ሳሙናውን በብሩሽ አረፋ አድርጎ ቀባህና አሁንም ጠበቀ። ከዚያ በአዲስ ምላጭ፣ ጢሙ በተኛበት በኩል፣ ሳይጫን፣ አንዴ ብቻ አለፈበት። «ሸዋያ፣ ሸዋያ» ይላል፤ ቀስ፣ ቀስ ማለቱ ነው። ስለ አልኮሉ ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ። በቀዝቃዛ ውሃ አጥቦ፣ በፎጣው ሳያሽ መታ መታ አድርጎ አደረቀና ሁለት ጠብታ የሰሊጥ ዘይት መዳፉ ላይ አሙቆ ቀባህ። እኛ ሰሊጥ አገር ተቀምጠን ዘይቱን ለወጥ ብቻ ነበር የምናውቀው።

ከዚያ ወዲህ እኔ ሆንሁ የምላጭህ። ጠዋት ከተላጨህ ላቡ እየገባ ስለሚያነድህ ወደ አመሻሽ አዛወርነው። ገላህን ታጥበህ ጓሮ በርጩማው ላይ ትቀመጣለህ፤ በየቀኑ መሆኑ ቀርቶ ሁለት ቀን እያሳለፍን። ቀላ ካለብህም እሬት ሰንጥቄ ዝልግልጉን እቀባሃለሁ። ልጃችን ሰጠኝም አጠገባችን ተቀምጦ «ሸዋያ» እያለ ያሾፍብኛል። ከተጋባን ጀምሮ መልስ ሳትሰጠኝ የሰማኸኝ ያኔ ብቻ ነው፣ ምላጩ ጉሮሮህ ላይ ስለሆነ።

አሁን ወደምፈራው ልምጣ። በዚያ ወባ ሃያ ቀን ስትተኛ ጢምህ አደገ። ወደ ጎንደር ልንወስድህ በተዘጋጀንበት ዋዜማ ላጪኝ አልኸኝ። እምቢ አልሁ። በትኩሳት በነደደ፣ በላብ በራሰ ቆዳ ላይ ምላጭ አላሳርፍም፣ ይቆስልብሃል፣ ሲሻልህ እላጭሃለሁ አልሁህ። ደግመህ ለመንኸኝ፤ መንገድ ላይ ኬላ አለ፣ ፊቴ መታወቂያዬን ይምሰል አልኸኝ። እኔ ተቆጣሁ። ቆዳህን ካንተ በላይ አውቀዋለሁ አልሁህ። አንተም ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርህ።

ኬላው ላይ ወታደሮቹ መታወቂያህን ተቀበሉኝ። ፎቶው ላይ ያለው ጉንጩ ሞላ ያለ፣ ንጹሕ የተላጨ መምህር ነው። ጭነት መኪናው ላይ የተኛው ከሲታና ጢማም ነው። ይሄ ሰውዬ ያ አይደለም አሉ። ሚስቱ ነኝ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ ብል ማን ሰምቶኝ! የሚያውቅህ ሰው ከመተማ መጥቶ እስኪመሰክር ድረስ ግማሽ ቀን በፀሐይ ዋልን። ጎንደር በደረስን በሦስተኛው ቀን አረፍህ። ሐኪሙ ግማሽ ቀን ምንም አይለውጥም ነበር አለኝ። እኔም ለስንቱ ሐዘንተኛ እንዲሁ ብያለሁና፣ ሐኪም ለምን እንዲህ እንደሚል አውቃለሁ። ይህን ለማንም ሳልናገር ቆየሁ።

ባለፈው ሳምንት ሰጠኝ እንዳንተ መምህር ሊሆን ለሥልጠና ወደ ጎንደር ተጠራ። ቅዳሜ ዕለት በዚህ ሙቀት አንገቱ ላይ ፎጣ ጠምጥሞ ቤት ውስጥ ሲዞር አየሁትና ገለጥሁት። የጓደኛውን ምላጭ ተውሶ በደረቁ ፍቆት፣ ሽቶ ደፍቶበት ኖሯል። ያንተው ቆዳ፣ ያንተው ብጉር። መታወቂያው ላይ ያለው ፊት ደግሞ ልሙጥ ነው፤ የሚሄደው ረቡዕ ነው፤ መንገዱም ያው መንገድ ነው።

እስከ ማክሰኞ ምላጭ የሚባል እንዳይነካው ከለከልሁት። ጠዋትና ማታ ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ ከዚያ እሬት፣ እጁንም እንዳያሳርፍበት። ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ቆዳው ረገበ። መላጫህን ከመስኮቱ አንሥቼ አዲስ ምላጭ ከተትሁበትና ልጁን በርጩማህ ላይ አስቀመጥሁት። ገና ጉንጩን ጀምሬ እንባዬ መጣ፤ ለምን እንደማለቅስ ሲጠይቀኝ ሁሉንም ነገርሁት፣ ላጪኝ ማለትህን፣ እምቢ ማለቴን። እያለቀስሁ ምላጩን ጉሮሮው ላይ ሳቻኩል እጄን ይዞ አቆመኝና «ሸዋያ፣ እማ» አለኝ። ከዚያ አገጩን ቀና አድርጎ አንገቱን ሰጠኝ።

ዛሬ ልጁን የወሰደው ሾፌር ተመልሶ በሰላም መድረሱን ነገረኝ። ኬላው ላይስ አልሁት። ወታደሩ መታወቂያውን አገላብጦ መለሰለት፣ ፊቱንማ ቀና ብሎም አላየው አለኝ። ምስጋናዬን አቅርቤ ወደ ጓሮ ሄጄ አለቀስሁ። ለልጃችን ደስ ብሎኝ ነው፣ ላንተ ደግሞ አንጀቴ አርሮ።

ይቅር በለኝ፣ አስሜ። መላጫህን አጥቤ፣ አድርቄ ቦታው መልሼዋለሁ፤ ሰጠኝ ለእረፍት ሲመጣ እላጨዋለሁ። አንተን ሳስብ ግን ከእንግዲህ የፎቶውን ሰው አላስብም። የማስበው ያን ከሲታውን፣ ጢማሙን፣ ላጪኝ ብሎ የለመነኝን ነው። እሱ አስማማው ነው፣ ባሌ ነው፤ እስክሞት ድረስ ለጠየቀኝ ሁሉ እመሰክራለሁ።

ሚስትህ ጥሩዬ