ቤቱ የተዘጋ ለት

ጁን 6
ድንችና እንቁላል ጠበስኩ። አጎቴ ኤልሮይ ጨው ጨመሩበት፣ ደግመው ጨመሩ። «የፊኒክስ ጨው ራሱ አልጫ ነው» አሉ። በጎሳ የእናቴ ወንድም ይሆናሉ እንጂ የተዋወቅነው እዚሁ ማገገሚያ ቤት ነው። እሳቸውን ከቺንሊ፣ እኔን ከጋላፕ፣ ከየአገራችን በነጭ ቫን ለቅመው እዚህ ፊኒክስ ከተማ አመጡን። መጠጥ የምታቆሙበት ቤት አለ፣ አልጋውም ምግቡም በነፃ ነው ብለው።

ሕክምና የሚሉት ፈርሞ ቴሌቪዥን ፊት መቀመጥ ነው። ከምሳ በኋላ የቤቱ ኃላፊ ትሬንት ዛሬም ቢራ አስገባ። ምን ቸገረው? ከዳንን እንሄዳለን። ካልዳንን መንግሥት በስማችን ይከፍለዋል።

አልነካሁም። አጎቴም አልነኩም። እጄን ግን ጭኔ ሥር ከትቼ ነው የዋልኩት...

ጁን 8
ነገ ተቆጣጣሪ ይመጣል ተባለ። ትሬንት ጣሳውን ሁሉ በጆንያ አስወጣ።
«ስትጠየቁ ምን ትላላችሁ?»
«ደህና ነን።»
«ጎበዞች።»
አጎቴ እኮ የልጅ ልጅ ያዩ ሰው ናቸው።

ጁን 9
ተቆጣጣሪዋ መስኮቱን ለካች። የጭስ ደወሉን ተጫነች፣ ጮኸ። ፍሪጁን ከፍታ አየች። እኛን ምንም አልጠየቀችም።

መኪናዋ ድረስ ተከተልኳት። «ቢራውን የሚሰጠን ራሱ ትሬንት ነው» አልኳት።
የመኪናዋን በር ከፈተች። «እኔ እንድጠይቅ የታዘዝኩት ስለ ቤቱ ነው» አለች። «ስለ ቢራው የሚጠይቁ ሌሎች አሉ። ትነግሪያቸዋለሽ?»
«እነግራቸዋለሁ።»

አጎቴ ከበረንዳው አይተውኛል። «ልጄ፣ ቤቱ ከተዘጋ የት ልንሄድ ነው?»
«መንግሥት ያስብበታል» አልኳቸው። ከየት አምጥቼ እንደተናገርኩት እንጃ።

ጁን 27
ለሌሎቹም ነገርኳቸው፤ ምንም የለም። ቢራው ግን ይገባል።

ጁላይ 11
ክፍያው ታገደ፣ ፈቃዱ ተሰረዘ። ትሬንት ቁልፉን ይዞ ጠፋ። የመጡት ሰዎች ቤቱን አሸጉና በሩ ላይ ስልክ ቁጥር ለጥፈው ሄዱ። ደወልኩ። «ይጠብቁ» ይላል። ሙዚቃ... ሙዚቃ...

አስፋልቱ ጫማ ያቀልጣል። ሌላ ቫን መጥቶ ቆመ። «ግቡ፣ የኛ ቤት ፈቃድ አለው» አለ ሹፌሩ። አብረውን የነበሩት ዴልበርትና ሌሎቹ ገቡ። ምን ያድርጉ?
አጎቴ ግን፣ «ሁለተኛ ቫን ውስጥ አልገባም» አሉ።

ጥላ ሥር አስቀምጫቸው ውሃ ፍለጋ ሄድኩ። ስመለስ የሉም።

ጁላይ 14
ከአንድ ነዳጅ ማደያ ጀርባ ነው የተገኙት። ሙቀቱ ገደላቸው አሉ። ዶክተሩ፣ «ደማቸው ውስጥ አልኮል የሚባል አልነበረም» አለኝ። የሚያጽናናኝ መስሎት።

ዝም ብል ኖሮስ? ዛሬም ጨው ይጨምሩ ነበር። ትሬንትም ቢራውን ያስገባ ነበር... አላውቅም።

ጁላይ 15
መጠጥ ቤቱ በር ድረስ ሄድኩ። ተመለስኩ።

ፌብሩዋሪ 20
ስለ ማገገሚያ ቤቶች አዲስ ሕግ ሊያወጡ ነውና ምክር ቤት ቀርበሽ መስክሪ ተባልኩ። ከምሠራበት ሆቴል ኩሽና አስፈቅጄ ሄድኩ። የአጎቴን ነገር ተናገርኩ። ሰብሳቢው አንገቱን ነቀነቀ። «ወይዘሮ አርሊንዳ፣ ስለ ድፍረትዎ እናመሰግናለን።»
«ሕጉ ቤቱን ስትዘጉ ሰዎቹ የት ይሂዱ ይላል?» አልኩት።
ጎኑ ካለው ሰው ጋር ተንሾካሾከ። «እሱ በዚህ ረቂቅ ውስጥ የለም። ወደፊት እናየዋለን።»
አጨበጨቡልኝ። ለእኔ ነው የሚያጨበጭቡት?

ማርች 2
ዴልበርት በሁለተኛው ቫን ከተወሰደበት ቤት አምልጦ እኔ ወደ ተከራየሁት ቤት መጣ። ከስቷል። ሳሎን አነጠፍኩለት። ከእሱ በፊት ከእንዲህ ዓይነት ቤት የመጡ ሁለት ሴቶች መኝታ ቤቱን ይዘዋል። እዚህ ማንም አይጠጣም።

አከራዬ በሩን አንኳኳ። አልፎኝ ወደ ውስጥ አየ።
«አርሊንዳ፣ ይሄ ያለ ፈቃድ የምትሠሪው ሕገ ወጥ ነው።»
«ነው» አልኩት።
በሩን ዘጋሁ።