የሱፍ ኮቱና የፕላስቲኩ ወንበር

ውድ የልጄ እናት፣

እንዴት ነሽ ማለት የእጅ ልማድ ነው፤ ካለሽበት መልስ እንደማይመጣ አላጣሁትም። ያገኘሁትን ሳልነግርሽ ብውል ግን ጸሎቴም የሚያርግ አይመስለኝም።

የመጨረሻዋን ቀን ታውቂያታለሽ። ሦስት ወር ተኳርፈን፣ «ምሳ ቀርቧል»፣ «በሩን ዝጊው» ብቻ ስንባባል ከርመን ሐኪም ቤት ተኛሽ። እኔም ያቺን ክፉ ቃል፣ «ቀለበት ያጠለቀልሽን እጄን በቆረጠው» ያልኩሽን፣ መልሼ ልውጣት መጣሁ። ካልጋሽ አጠገብ ካለው የፕላስቲክ ወንበር ብድግ ብዬ እጅሽን ስነካ «ጠሽ!» አለ። እጅሽን ሰበሰብሽ። ይቅር በይኝ የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ቀረ። ተመልሼ ተቀመጥኩና እጆቼን ጭኖቼ መሐል ወሸቅኩ። ከሰዓት በኋላ አረፍሽ።

ሸሸሽኝ ወይስ ነዘረሽ? ይህቺ ጥያቄ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ መቀሴ ስትከፈትና ስትዘጋ ኖረች።

ባለፈው ሳምንት መምህርቷ ልጃችን ለተማሪዎቿ የምታሳየው ቁርጥራጭ ጨርቅ ፈልጋ ልብስ መስፊያ ቤቴ መጣች። ጥጥ፣ ሐር፣ ሱፍ መረጥኩላት። የፕላስቲክ ማበጠሪያዋን በየተራ እያሸች ወደ ብጥስጣሽ ወረቀት አስጠጋች። በጥጥ ጊዜ ወረቀቱ እምብዛም አልተነቃነቀም፤ በሱፍ ስታሸው ግን እንደ ዝንብ ተንጋግቶ ተለጠፈ።

«ሰበቃ ነው አባዬ። ሲፋተጉ አንዱ ካንዱ ኤሌክትሮን ይሰርቃል።»

«ሌባው የቱ ነው?»

«ፕላስቲኩ ነዋ!»

ክው አልኩ። ያን ቀን ሐኪም ቤት የለበስኩት የሱፍ ኮቴን ነበር።

እንደሄደች ኮቱን ከቁም ሳጥን ሳወጣ ከናይለን ቀሚስሽ ጋር ተጣብቆ አገኘሁት፤ ሳላቅቀው ተንጣጣ። ከጎረቤቴ ከጫማ ጠጋኙ ደግሞ የፕላስቲክ ወንበር ተዋስኩ።

«ምነው፣ አራት እግር ያለው ሱሪ ልትሰፋለት ነው?» አለኝ።

ቁጭ ብድግ፣ ቁጭ ብድግ። በጥጥ ሸሚዝ ብቻ ሆኜ የበሩን እጀታ ስነካ ዝም። ኮቱን ለብሼ ተቀምጬ ስነሣ፣ ጠሽ! ያው ራሱ ድምፅ። አሥር ጊዜ ደገምኩት። «አልሸሸችኝም!» አልኩ። ተመስገን ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ትላንት ለልጃችን ሁሉንም ነገርኳት።

«ደግመህ ግን አልነካሃትም?»

«ፈራኋ፣ ልጄ።»

«አንዴ ከነዘረ እኮ አለቀ፣ አባዬ። ወዲያው ብትይዛት ምንም አይልም ነበር።» ካለችው በኋላ አፏን በእጇ ያዘች።

ዛሬ ጠዋት እሱንም ሞከርኩ። ተነሣሁ፣ እጀታውን ነካሁ፣ ነዘረኝ። ከቆምኩበት ሳልነቃነቅ ደግሜ ያዝኩት። ምንም። ቀዝቃዛ ብረት ብቻ።

አሁን የሚያባንነኝ ሌላ ነው። ከሰበሰብሽው በኋላ እጅሽን መልሰሽ አንሶላው ላይ ዘርግተሽው ነበር፤ መዳፍሽ ወደ ላይ ሆኖ። አይቼዋለሁ። ነፍስሽ እስክትወጣ አላጠፍሽውም። እኔ ግን ደክሟት ነው አልኩ።

ይቅር በይኝ። ይኸው፣ አልኩት። እግዚአብሔር ቢያገናኘን፣ የመጀመሪያው ቢነዝረንም፣ እጄን ደግሜ እዘረጋለሁ።

ባልሽ